ያልተሰማኝ ጥጥ

ባለፈው ሳምንት የስኳር ክትትሌ ቀን ነበርና ከባለቤቴ ጋር ወደ ክሊኒክ ወረድን። ያየኝ ሐኪም የልጅ ልጄ የሚሆን ጎረምሳ ነው። ስኳር እግር ያደነዝዛልና ካልሲዬን አስወልቆ፣ ቁራጭ ጥጥ መዝዞ ጫፉን በጣቱ አሾለና «አባቴ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑና ስነካዎ ይንገሩኝ» አለኝ። ዓይኔን ሳልጨፍን ብርድ ብርድ አለኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ባለቤቴም ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ አንገቷን ደፋች። ሐኪሙ መርፌ የፈራን መስሎት «አይዞዎት፣ አያምም» አለ። አለማመሙን እንኳ ከእሱ በፊት እናውቃለን። እኛን የሚያስፈራን ያው አለማመሙ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። ጣልያን ወጥቶ፣ ንጉሡ ተመልሰው፣ አገር ከተረጋጋ በኋላ ነው፤ ዓመቱን ብጠየቅ እሳሳታለሁ። የሻዩን ዋጋ ግን አልሳሳትም። ጎንደር ፒያሳ ላይ አንድ ብርጭቆ ሻይ ዐሥር ሳንቲም ነበር፤ ፓስቴ ከተጨመረበት ዐሥራ አምስት። ከጎንደር እስከ ጠዳ በአውቶቡስ ስሙኒ ይከፈላል፤ ከሹፌሩ ጎን ለመቀመጥ ግን ገንዘብ ሳይሆን ትውውቅ ነው የሚያስፈልገው። የተማሪ ልብስ ካኪ ሱሪና ነጭ ሸሚዝ ነው፤ የደላው ኮት ይደርብበታል። የእኔን ኮት የሰፉልኝ የአዲስ ዓለም ሰፈሩ ልብስ ሰፊ ሸህ ነበሩ። ትከሻውን ሰፋ አድርገው ሰፉትና ምነው ብላቸው፣ ደመወዝ ሲጀምርህ ትወፍርበታለህ አሉኝ። ይኸው ሰማንያ ልደፍን ነው፣ አልወፈርኩም። ማታ ማታ ከቡና ቤቶቹ የክራር ድምፅ ይወጣል፤ ዘፈኑ ሁሉ ስለ ሄደች ልጅ ነው። እኛ ተማሪዎቹ በር ላይ ቆመን በነፃ እንሰማለን፤ አስተናጋጇም እየመጣች ግቡ ወይ ሂዱ ትለናለች።

ጎንደር ያለውን የጤና ኮሌጅ ከጨረስን በኋላ በላቦራቶሪ ለተጨማሪ ጥናት የቀረን ጥቂት ልጆች ነበርን። ለእኔ የደረሰኝ የሥጋ ደዌ ነው። መምህራችን ረጅም፣ ፀጉሩ የሸበተ ፈረንጅ ነበር። የበሽታውን ጀርም ከሕመምተኛ ቆዳ ወስጄ በብልቃጥ ውስጥ ለማብቀል እንድሞክር አዘዘኝ። በኋላ እንደተረዳሁት ዓለም ሁሉ ያቃተው ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ግን ያቃተው እኔን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሳምንት ጠብቄ ባየው ብልቃጡ ባዶ ነው፤ ወር ጠብቄ ባየው ባዶ ነው። መምህሩ ዕቃህን በደንብ አላጠብህም ይለኛል፤ እኔ እንግሊዝኛው ስለማይመጣልኝ እንደገና አጥባለሁ። አንዳንድ ቀን ሁሉን ትቼ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ልሆን ያምረኛል። አባቴ ጠዳ አጠገብ ባለች ገጠር የሚያገለግሉ ቄስ ነበሩ፤ የእሳቸው ሐሳብ ጠዳ ጤና ጣቢያ ተቀጥሬ፣ የታወቀ ካህን ልጅ አግብቼ፣ በዓይናቸው ሥር እንድኖር ነው። መምህሩ ደግሞ ከበረታህ ባሕር ማዶ እልክሃለሁ ይለኛል። እኔ የምፈልገው ዘነበችን ነበር።

ዘነበች የነርስ ተማሪ ናት፣ የአይከል ልጅ። ነጭ ቀሚሷ ላይ ሰማያዊ ሹራብ ትደርባለች፤ ሸራ ጫማዋን ቅዳሜ ቅዳሜ በኖራ ስለምትቀባው ሁልጊዜ አዲስ ይመስላል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቁስቋም ወጥተን ከፈረሰው ግንብ ሥር፣ ከጽዱ ጥላ እንቀመጣለን፤ እዚያ እጇን ስይዛት የሚያየን የደብሩ ዘበኛ ብቻ ነው። በሥራ ቀን የምንገናኘው በደዌው ክፍል ነው። እሷ ቁስል ታጥባለች፣ እኔ ከቆዳቸው ናሙና እወስዳለሁ። ክፍሉ እንደገባች መጀመሪያ የምትሄደው ወደ አያ ተገኘ ነው። አያ ተገኘ ጣቶቹ ያለቁ፣ ቀልድ ግን ያላለቀበት ሽማግሌ ነበር። በሶ በጥብጣ ታመጣለታለች፤ ጣሳውን በሁለት ክንዱ ይዞ ይጠጣል። እኔን ሲያይ ደግሞ «አንተ ልጅ፣ ምነው እጅህን እንዲህ ቶሎ ቶሎ ትታጠበዋለህ? ውኃውን ጨረስክብን» ይለኛል። ሁሉም ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ፤ ግን እታጠባለሁ። ጀርሙ እንዲህ በቀላሉ እንደማይተላለፍ አውቃለሁ፤ እጄ ግን አያውቅም ነበር።

አንድ ቀን መምህሩ አዲስ ተማሪዎችን ሰብስቦ ምርመራውን ሊያሳያቸው ፈለገና እኛን ነባሮቹን ሁለት ሁለት አድርጎ አቆመን። በሥጋ ደዌ የተያዘ ቆዳ ሲነኩት አይሰማም። ስለዚህ አንዱ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሌላው በጥጥ ጫፍ እዚህም እዚያም ይነካዋል፣ የተነካው ሰው የተሰማውን ቦታ በጣቱ ያሳያል። እኔ ለዘነበች ደረስኳት። ኮቴንና ሸሚዜን አውልቄ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፤ ልጆቹ ተንሾካሾኩ፣ እኔም አፍሬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ክንዴን ነካችኝ፣ አሳየኋት። አንገቴን ነካችኝ፣ አሳየኋት። ከዚያ ዝም አለች። እኔም ጠበቅሁ። የምትቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ።

«ጀምሪ እንጂ» አልኳት።

መልስ የለም። ቆይታ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጨርሻለሁ» አለችኝ።

ዓይኔን ስገልጥ ጥጡ አሁንም በጣቶቿ መካከል ነበር፤ ፊቷ ከጥጡ ነጣ ብሏል። መምህሩ መጥቶ እንዴት ነው ሲላት ሁሉም ተሰምቶታል አለችው። ዘነበች ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሸሚዜን ስለብስ ቁልፉን አሳስቼ ቆለፍኩት። ስንወጣ እሷም አልነገረችኝ፣ እኔም አልጠየቅኋት። ያን ጊዜ ትንፋሿ ከቀኝ ትከሻዬ በስተኋላ ይሰማኝ ስለነበር ቦታው እዚያ እንደሆነ ገባኝ፤ ጥጡ ዝም ያለኝ እዚያ ስትደርስ ነው።

የዛሬ ልጆች ምን ያስፈራል፣ መድኃኒት አለው ትሉኛላችሁ። ያን ጊዜም ቢሆን ጥቂት ነበረው። እኔን ያስፈራኝ ጣቶቼ ብቻ አልነበሩም። በአገራችን ይህ በሽታ የአንድ ሰው አይደለም፣ የዘር ነው። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ተቀምጦ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ዝምድና እንዳይኖር ይቆጥራል፣ ከዚያ ደግሞ ስሙ የማይጠራው ነገር እንዳይኖር ይቆጥራል። አንድ ቤት ውስጥ አለ ከተባለ እህት አትዳርም፣ የአጎት ልጅ አይዳርም፣ ገና ያልተወለደው ሁሉ ይነካል። የእኔ እህት ጥሩነሽ ደግሞ ታጭታ ሽማግሎቹ የሚመጡበት ቀን ቀርቦ ነበር። መምህሩ ጋ ሄጄ ሸሚዜን ባወልቅ አንዲት ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። ግን እሱ ካየ ናሙና ይወሰዳል፣ ናሙና ከተወሰደ ስም ይጻፋል፤ የኮሌጁ ዘበኛ ደግሞ የጠዳ ሰው ነው። በሽታው በዘር እንደማይመጣ ከማንም በላይ የማውቀው ሰው ለዘሬ ፈርቼ ዝም አልኩ።

የራሴን ጀርባ ማየት ግን አማረኝ። ፒያሳ ላይ ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት መስተዋቶች ያሉት ፀጉር ቤት ነበር፤ ገባሁና እብጠት አለብኝ ብዬ ኮሌታዬን ወደ ታች ሳብኩት። ክብ፣ ነጣ ያለ፣ ለስላሳ፣ የብር ሳንቲም የሚያክል ነገር አየሁ። ቆራጩ ጎንበስ ብሎ አየና «ምነው ጌታው፣ ቋቁቻ ነው?» አለኝ። ቋቁቻ ነው አልኩት። መቀሱን በአልኮል ሁለቴ ሲጠርገው በመስተዋቱ አየሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ዘነበችን ሸሸኋት። ቁስቋም ቀረሁ። ጣቶቼን እየቆነጠጥኩ እውል ጀመር፤ ስንነጋገር ሰው እጄን የሚያይ ይመስለኛል። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ ቀን ደግሞ በአጉሊ መነጽሩ ሥር ጀርሞቹን ሳይ እነሱም እኔን የሚያዩኝ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ሽማግሌ ስለሚመጣ እንድገኝ ላኩብኝ። የተማረ ልጅ ሲቀመጥ ለቤቱ ክብር ነው። አውቶቡሱ አዘዞን አልፎ ሜዳው ሲከፈት፣ ሌላ ጊዜ ደስ የሚለኝ የጤፉ አረንጓዴ እንኳ አስፈራኝ። ሽማግሎቹ መደብ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ እኔ ከበሩ አጠገብ፣ ከሁሉም ራቅ ብዬ። ጥሩነሽ ጓዳ ሆና ትሰማለች። አባቴ የራሳቸውን ወገን ቆጠሩ፣ ከዚያ የእናቴን። ስሞች ወደ ኋላ ሄዱ፤ የማላውቃቸው ሙታን ሁሉ አንድ በአንድ ተነሥተው ተመልሰው ተኙ። ዝምድና እንደሌለ ታወቀ። ከዚያ የሽማግሎቹ አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «አባ፣ ከዚያ ከክፉውም ነገር የጸዳ ቤት መሆኑን ሰምተናል፤ ቢሆንም ካፍዎ እንስማው» አሉ። አባቴ ካህን ስለሆኑ አይምሉም፣ ቃላቸው ይበቃል። «የለም» አሉ። እዚያ ላይ ያለቀ መሰለኝ። ሽማግሌው ግን ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ደሞ ይኸንኑ በሽታ ነው አሉ የምትማር። ሸጋ ነው። እንግዲያ አንተም ቃልህን ስጠን፤ በቤታችሁ አለ?»

የለም ብል፣ ነገ ጣቴ ሲቆረጥ አባቴ በሰው ፊት ዋሾ ሊባሉ ነው። አለ ብል፣ ጥሩነሽ በዚያች ደቂቃ አለቀላት። ከብዙ መጻሕፍት መካከል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ መጣልኝ።

«በዘር አይሄድም» አልኩ።

ጓዳ ውስጥ አንድ ዕቃ ወደቀ። ሽማግሌው ቀስ ብለው «ምነው ልጄ፣ እኛ መች ስላካሄዱ ጠየቅንህ?» አሉ።

የሚሸሽገው የሌለው ሰው «የለም» ብሎ ያበቃል እንጂ ስለ ጀርም አያስተምርም። ይህ የገባኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው። አባቴ ሳቅ አሉና «የተማረ ሰው እንዲህ ነው፤ ውኃ አቀብለኝ ብትለው ውኃው ከየት እንደሚመነጭ ይነግርሃል» አሏቸው። ሁሉም ሳቁ። ሽማግሌውም ሳቁ፤ ጠላቸውን ሲጠጡ ግን ዓይናቸው ከእጄ ላይ አልተነሣም። ቀን እንቆርጣለን ያሉት ሰዎች ከገበያው በኋላ እንልካለን ብለው ሄዱ። ጥሩነሽ ከጓዳ ወጥታ አየችኝ። ያን አስተያየቷን እስከ ዛሬ እፈራዋለሁ።

እናቴ ክንዴን ይዛ ከቤቱ ጀርባ፣ ወደ ጭድ ክምሩ ወሰደችኝ። «ምን አግኝቶህ ነው?» አለችኝ። ኮቴን አወለቅሁ፣ ሸሚዜን አወለቅሁ፣ ጀርባዬን ሰጠኋት። እጇን ስታሳርፍ አልተሰማኝም፤ መቅረቧን ያወቅሁት በትንፋሿ ነው። ቆየችና ማልቀስ ጀመረች። አለቀልኝ አልኩ። ከዚያ እያለቀሰች ስትስቅ ሰማኋት።

«ይኸ የኔ ሥራ ነው» አለችኝ።

ከእኔ በፊት አንድ ልጅ ነበራት። ሲታመምባት ባለመድኃኒት አምጥታ በጋለ ብረት አስተኩሳው ሞተ። አባቴ ሁለተኛ በልጄ ገላ ላይ እሳት እንዳታስነኪ ብለው በታቦቱ ገዘቷት። እኔ ጡት ሳልጥል ዓይኔ ወደ ላይ ዞሮ ስንፈራገጥ አባቴ ሩቅ አገር ነበሩ። ጭልጋ ወስዳ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ግዝቱን አፍርሳ አስተኮሰችኝ። እኔ ተረፍኩ። ቁስሉ እስኪድን አባቴ አልተመለሱም፤ ካህን ደግሞ ሕፃን አያጥብም። ወንዝ ስንዋኝ እኩዮቼ አይተውት ይሆናል፣ ግን ጠባሳ የሌለበት ልጅ በአገራችን የለምና ማን ያነሣዋል። የተቃጠለ ቆዳ ደግሞ ጥጥ አይሰማውም። እኔ ተማሪው ይህን አውቅ ነበር፣ ፍርሃቱ አላሳስበኝ ብሎ ነው እንጂ። እናቴ ሸሚዜን ራሷ አለበሰችኝ። «ለሳቸው አትንገር» አለችኝ። እኔም አልነገርኳቸውም። ከገበያው በኋላ የሙሽራው ወገን ቀን ቆርጦ ላከ። ያን ሽማግሌ ምን እንዳሳመናቸው አላውቅም፤ በዚያች ሳምንት ግን አንድም ቀን እህል በወጉ አልበላሁም።

ጎንደር ስመለስ ዘነበችን ቁስቋም ወስጄ፣ የእናቴ የእጅ ሥራ ነው፣ ጠባሳ ነው እያልኩ እየሳቅሁ ነገርኳት። እሷ አልሳቀችም። ከግንቡ ላይ ጠጠር እያነሣች መሬት ላይ ትደረድራለች።

«ባይሆንስ ኖሮ?» አለችኝ።

«እኔ ለመምህሩ የዋሸሁት እኮ ጠባሳ መስሎኝ አይደለም፤ ያው እሱ መስሎኝ ነው» አለች። ከዚያ ቀና ብላ «አያ ተገኘ አባቴ ነው» አለችኝ።

እሷ ሕፃን ሳለች አባቷ እጁ ላይ ምልክት አይቶ ከቤት ወጣ። እናቷና አጎቶቿ ለሩቅ ንግድ ሄዶ በንዳድ ሞተ ብለው አስወሩ፤ ልቅሶ ተቀመጡ፤ ልጆቹ እንዲዳሩ ተዝካሩን አወጡለት። እሷ ልጅ ሆና የአባቷን ተዝካር ስትበላ እሱ ጎንደር ነበር። ነርስነት የገባችው ፈልጋ ልታገኘው ነው። ይህን ስትነግረኝ ፈራሁ። አልፈራሁም ብል ውሸት ነው። ሕመሙን አይደለም የፈራሁት፤ የአባቴን መደብ፣ ያንን ሽማግሌ፣ የጥሩነሽን የሠርግ ድንኳን ነው። ሠርጉ ገና አልደረሰም። የእሷ ነገር ቢወጣ የእኔም ቤት አብሮ ይነካል። ያን ዕለት ከቁስቋም ስንወርድ እጇን አልያዝኩም፤ እስከ ፒያሳ ያለውን ቁልቁለት እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ ሆነን ወረድን።

ከዚያ በኋላ ስንት ቀን እንዳለፈ እንጃ። አንድ ጠዋት ግን ወደ ደዌው ክፍል ገብቼ አያ ተገኘ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። በሶው ጣሳ ውስጥ ነበር፤ አንሥቼ ጠጣሁለትና መለስኩለት። እጄን አልታጠብኩም። ልጅህን ስጠኝ አልኩት። አያ ተገኘ ጣሳውን በክንዶቹ ወደ ጎን ገፋው።

«እኔኮ ሞቻለሁ» አለኝ። «የሞተ ሰው ልጅ አይድርም። ሂድና ካሉት ጠይቅ። ስትቆጥሩ ብቻ እኔን ዝለሉኝ።»

ለጥሩነሽ ሠርግ ዕቃ ልትሸምት እናቴ ቅዳሜ ገበያ በመጣች ጊዜ ላሳይሽ የምፈልጋት ልጅ አለች ብዬ ወደ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። በር ላይ ሆነን አየን። ዘነበች አያ ተገኘን እያጎረሰችው ነበር፤ ምራቁን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። ጎን ለጎን ሲታዩ ግንባራቸው አንድ ነው። እናቴ ብዙ አየቻቸው። ነርስ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል ልላት ነበር፤ ተወኝ በሚል ዓይን አየችኝ። ገበያ ስንመለስም ስለ ሽንኩርት ዋጋ ብቻ ነው ያወራነው። እኔ ግን ምን ልትል ነው እያልኩ ዓይን ዓይኗን አይ ነበር።

ጥሩነሽ ተድራ ወራት ካለፉ በኋላ ዘነበችን ላገባ መፈለጌ አባቴ ጋ ደረሰ። የካህኑ ልጅ በመቅረቷ አዝነዋል፤ ግን አልከለከሉም። «አባቷ ሞተዋል ማለት ነው?» አሉ። እናቴ እህል እየለቀመች ነበር፤ ቀና አላለችም። «ተዝካራቸው ወጥቷል» አለች።

«ዘሯንስ ማን ቆጠረ?»

«እኔ ቆጥሬዋለሁ። ሸጋ ነው።»

አባቴ አዩዋት። እሷም ቀና ብላ አየቻቸው፤ በሁለቱ መካከል አንድ የሞተ ልጅና አንድ የተረፈ ልጅ ነበር። አባቴ መቋሚያቸውን አንሥተው «እንግዲያ ጨርሰናል» አሉ። የሚያውቁትን አውቀው ይሁን ሳያውቁ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ባሕር ማዶ አልሄድኩም። እዚያው ላቦራቶሪ ቀረሁ፤ ጡረታ እስክወጣ ከደዌው ጋር ኖርኩ። ጀርሙ እስካሁንም በብልቃጥ አልበቀለም ይላሉ፤ የእኔ እጥበት ጉድለት አልነበረም ማለት ነው። አያ ተገኘ ሁለተኛ ሲሞት እኔና ዘነበች ቀበርነው። ተዝካር አላወጣንለትም፤ ወጥቶለት ነበር። ፍርሃቱ ግን አልተቀበረም። ልጆች ሲወለዱልን፣ ጋብቻ ሲመጣ፣ ከአይከል አንድ ሰው በራችንን ሲያንኳኳ አብሮን ይደነግጥ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ገባሁና የተኛው ትልቁ ልጃችን ጀርባ ላይ ጎንበስ አልኩ፤ በኪሴ ጥጥ ይዤ ነበር። ዘነበች በድንገት ገባች። ልታየኝ ነው ብዬ ስደነግጥ በእሷም መዳፍ ውስጥ ጥጥ አየሁ። በዘር አይሄድም የሚለውን መጽሐፍ እኔም እሷም እናውቀዋለን። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥንና ልጁ እስኪነቃ አለቀስን።

ይኸው ባለፈው ሳምንትም ጎረምሳው ሐኪም ዓይንዎን ይጨፍኑ አለኝ። ጨፈንኩ። ከዘነበች ትንፋሽና ከግድግዳው ሰዓት በቀር የሚሰማ የለም። ጠበቅሁ።

«ጀምር እንጂ ልጄ» አልኩት።

መልስ የለም። ያን ጊዜ ዘነበች «ጨርሷል» አለችኝ።

ዓይኔን ሳልገልጥ ስንቱ ተሰማኝ አልኳት።

«አንዱም አልተሰማህም» አለችኝ። ስለ ጥጥ እውነቱን ስትነግረኝ የመጀመሪያዋ ነበር። እጇ ግን እጄ ላይ ነበር፤ እሱ ይሰማኝ ነበር።